430 ያልተነበቡ መጻሕፍት፦ ከየቱ ይጀመራል?

የቀረበው ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። የ38 ዓመት ሴት ስሆን የምተዳደረው በሒሳብ ሥራ ነው። ላለፉት 15 ዓመታት ደመወዝ ተቀብዬ መጽሐፍ ሳልገዛ ያለፈ ወር ጥቂት ነው፤ ከለገሃር፣ ከብሔራዊ ቴአትር ዙሪያ፣ ከመርካቶ፣ ክንዱ ላይ ደርድሮ ካፌ ለካፌ ከሚዞረው ልጅም ሳይቀር እገዛለሁ። ሰሞኑን ስቆጥራቸው 490 ሆኑ። ያነበብኩት ቢበዛ 60 ነው። አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይና በረንዳ ላይ በካርቶን ታጭቀዋል። ሰኔ መጨረሻ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ልንገባ ነው። ባለቤቴ ‹ያላነበብሽውን ለቆራሌው ስጪውና እንረፍ› ይላል። በረንዳ ላይ ካሉት አንዱን ካርቶን አምና ክረምት ውኃ ነክቶት ይሸታል። ባየኋቸው ቁጥር አፍራለሁ፤ መግዛቱን ግን አልተውኩም። ልሽጣቸው ወይስ ተራ በተራ ላንብባቸው? ከየቱ ልጀምር?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጋሼ ብለሽኛልና አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ መጽሐፍ ስቀበል፣ ስመዘግብ፣ ስጠግን፣ አንዳንዴም ሳስወግድ። ጥያቄሽን ሳነብ ዓይኔ መጀመሪያ የቆመው በረንዳው ካርቶን ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ይጠብቃል፣ እሱ አይጠብቅም።

የሚሸተው ሻጋታ ነው። ሻጋታ እርጥበት እስካገኘ ድረስ ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ካርቶኑን እንዳለ ወደ አዲሱ ቤት ካስገባሽው ጤነኞቹንም ታስይዣለሽ። ቤት ውስጥ አትክፈቺው። ዝናብ በሌለበት ቀን ማስክና ጓንት አድርገሽ እዚያው በረንዳ ላይ ክፈቺና አንድ በአንድ አውጪ። ገና እርጥብ የሆነውን በእግሩ አቁመሽ ገጾቹን ፈታ ፈታ አድርጊና ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ማስጣት እንደሚያምርሽ አውቃለሁ፤ ፀሐይ ግን ወረቀቱን ያጎብጠዋል፣ ሽፋኑን ያደበዝዘዋል፣ የጀርባውን ሙጫ አድርቆ ያስለቅቀዋል። በየሃያው ገጽ መካከል ነጭ ወረቀት እያስገባሽ ሲርስ ቀይሪው፤ ጋዜጣ አይሁን፣ ቀለሙ ይለቃል። የተጣበቁ ገጾችን በጉልበት አታላቂ። ሁሉም ከደረቀ በኋላ ዱቄት የመሰለውን ሻጋታ በለስላሳ ብሩሽ ከፊትሽ ወደ ውጭ ጥረጊው።

ከመጽሐፉ ጀርባ ወይም ከዳሩ ላይ ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች ካየሽ ደግሞ ነፍሳት ገብተውበታል። በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለሽ አየሩን አስወጥተሽ እሰሪውና ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አስቀምጪው። ስታወጪው ከረጢቱን ሳትፈቺ አንድ ሙሉ ቀን ይቆይ፣ አለዚያ ላብ ይይዘዋል። ናፍታሊን በየካርቶኑ መበተን የቤቶቻችን የቆየ ልማድ ነው፤ አልጋ ሥር ባለ ካርቶን ውስጥ ግን ሌሊቱን ሙሉ የምትስቢው አንቺ ነሽና ይቅርብሽ።

ስለ ወረቀት አንድ ነገር ልጨምር፣ በኋላ ያስፈልገናል። በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት የብራና ወንጌሎች ከ1,300 ዓመት በላይ ኖረው ዛሬም ይገለጣሉ። በደርግ ዘመን በጋዜጣ ወረቀት የታተመ መጽሐፍ ግን ገና በ40 ዓመቱ ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኖ፣ ስታጥፊው እንደ ደረቀ ቂጣ ይሰበራል። ከእንጨት የሚሠራው ርካሽ ወረቀት ከጊዜ ብዛት በውስጡ አሲድ ይፈጠራል፤ ወረቀቱን የሚበላው ራሱ ወረቀቱ ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲያጋጥምሽ የተቀደደውን በእስኮች አትለጥፊ፤ ሙጫው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢጫ እድፍ ትቶ ይላቀቃል። ንጹሕ ፖስታ ውስጥ አስገቢው፣ ከሌሎቹ በፊትም አንብቢው። ካልጠበቅሽው የማይጠብቅሽ እሱ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንሂድ። የሒሳብ ሰው ነሽና በሒሳብ እንነጋገር። በ15 ዓመት 490 ገዝተሽ ከሆነ በዓመት ወደ 33 ይመጣል። በ15 ዓመት 60 አንብበሽ ከሆነ በዓመት 4 ነው። በዚህ አካሄድ የቀሩትን 430 ለመጨረስ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንድም ሳትገዢ፣ ከ107 ዓመት በላይ ያስፈልግሻል። «ጠንክሬ ባነብስ?» ትይኝ ይሆናል። በየቀኑ ሳታቋርጪ 20 ገጽ ብታነቢ በዓመት 7,300 ገጽ ነው፤ አንድ መጽሐፍ በአማካይ 250 ገጽ ቢሆን 29 መጻሕፍት። እየሠራሽና ቤት እያስተዳደርሽ ይህን ከቻልሽ በጣም ጎበዝ ነሽ፤ እንደዚያም ሆኖ የምትገዢው 33 ስለሆነ ክምሩ በየዓመቱ በአራት ይጨምራል።

ስለዚህ «ተራ በተራ ላንብባቸው» የሚለውን እዚህ ላይ እንዝጋው። አያልቅም፤ አንቺም ስለሰነፍሽ አይደለም። ኀፍረቱ የመጣው 430ውን እንደ ዕዳ ስለቆጠርሻቸው ነው። በቤተ ክርስቲያን የቆሎ ትምህርት ቤት ሥርዓት የመጻሕፍት ቤት፣ ማለትም የትርጓሜ ትምህርት፣ ተማሪ ጥቂት መጻሕፍትን ከነትርጓሜያቸው ለመዝለቅ ዓመታት ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል፤ ማንም ስንት ጨረስክ ብሎ አይቆጥርበትም።

ደግሞ ዝም ብለሽ ያከማቸሽ አይደለሽም፤ ይህን ለባለቤትሽም ንገሪልኝ። እኛ አገር መጽሐፍ በጥቂት ሺህ ቅጂ ይታተምና ሲያልቅ ዳግም ይታተም አይታተም አይታወቅም። አዟሪው ክንድ ላይ ዛሬ አይተሽ «በሚቀጥለው ወር እገዛዋለሁ» ያልሽውን መጽሐፍ ዳግመኛ ላታገኚው ትችያለሽ። እኔም ደርሶብኛል። መጽሐፍ የሚወድ የአዲስ አበባ ሰው ሳያነብ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ እንዳያመልጠው ፈርቶ ነው፤ ፍርሃቱም እውነት አለው። ችግሩ ፍርሃቱ ለሁሉም መጽሐፍ እኩል አለመሥራቱ ነው። በየመደብሩ መስኮት ላይ ለተደረደረው፣ በየዓመቱ ለሚታተመው የተተረጎመ የስኬት መጽሐፍ አይሠራም፤ እሱን ከአምስት ዓመት በኋላም ታገኚዋለሽ።

እንግዲህ የመለያው ጥያቄ ከዚህ ይወጣል። እያንዳንዱን በእጅሽ ይዘሽ «አንብቤዋለሁ?» የሚለውን ተዪና «ነገ ብፈልገው አገኘዋለሁ?» በይ። የማይገኘው ይቆያል። የሚገኘው፣ በዚህ ዓመት ልታነቢው ካልቆረጥሽ በቀር፣ ወደሚያነበው ሰው ይሄዳል።

ይህን የተማርኩት ከትምህርት ቤት አይደለም። ከዓመታት በፊት ጉለሌ አካባቢ የአንድ ያረፉ የጂኦግራፊ መምህር ቤተሰቦች መጽሐፍ እንድለይላቸው ጠሩኝ። አሥራ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ በር ላይ ተደርድሯል፤ ለቆራሌው ተነግሮት ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ልጆቹ «ዋጋ ያላቸው ናቸው» ብለው ያስቀሯቸው አሉ፤ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ያላቸው የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶችና ያረጁ ኢንሳይክሎፒዲያዎች። ሦስተኛውን ማዳበሪያ ስፈታ ከታች ሽፋን የሌላት፣ በሁለት የዛገ ስቴፕለር የተያዘች፣ አርባ ገጽ የማትሞላ ነገር ወጣች። በታይፕ ተመትታ በስቴንስል የተባዛች ናት። መምህሩ ወጣት ሳሉ ያስተማሩበትን ወረዳ ወንዞች፣ ምንጮች፣ ኮረብታዎችና የገበያ ቀኖች ከተማሪዎቻቸው ጋር መንደር ለመንደር ዞረው የመዘገቡባት ናት። የአንዳንዱ ቦታ ስም አጠገብ በእርሳስ «ሽማግሌዎች እንዲህ ይሉታል» የሚል ተጨምሯል። እስከ ዛሬ ሌላ ቅጂዋን አላየሁም። ያችን ከቆራሌው አስቀርተን፣ ጠረጴዛው ላይ ካሉት አብዛኞቹን አሳለፍናቸው። ሴት ልጃቸው እርሳሱን በጣቷ እየዳሰሰች «ይህ የእጅ ጽሑፉ ነው» ስትል አጠገቧ ነበርኩ።

ስለዚህ ስትለዪ ውፍረትና ሽፋን አያታልልሽ። ቀጭኑ፣ በስቴፕለር የተያዘው፣ ደራሲው በራሱ ወጪ ያሳተመው፣ የአንድ አውራጃ ወይም የአንድ ደብር ታሪክ፣ የአንድ ትምህርት ቤት የምሥረታ በዓል መጽሔት፣ የቆየ የጉባኤ ጽሑፍ ከሆነ ወደ «ይቆይ» ይሂድ። የመጀመሪያ እትም መሆኑንም እዪ። ለምሳሌ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰብስቧል፤ በኋላ የወጡት እትሞች በየቦታው ይገኛሉ፣ ከዚያ አሰሳ ያመለጠ የ1975ቱ ቅጂ ግን ሌላ ነገር ነው። ርዕሱን ብቻ አይተሽ «ይህማ ሞልቷል» ብለሽ እንዳታሳልፊው የኅትመት ዘመኑ ያለበትን ገጽ ሳትገልጪ አትለፊ።

ከመስጠትሽ በፊትም ገጾቹን አንድ ጊዜ እርግፍ አድርጊያቸው። እኔ ወጣት ሳለሁ አንድ ካርቶን ሳልገልጥ ለጎረቤት ትምህርት ቤት ሰጥቼ፣ አባቴ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሜንና ቀኑን ጽፎ የሰጠኝ መጽሐፍ አብሮ ሄዷል። ብጠይቅም አልተገኘም። ከአሮጌ መጻሕፍት ውስጥ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ የቀበሌ ደረሰኝ፣ የደረቀ አበባ ሲወጣ አይቻለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። ባንዴ ሁሉንም መሬት ላይ አትዘርግፊ፤ ያደክምሽና በሦስተኛው ሰዓት ሁሉንም መልሰሽ ታጭቂዋለሽ። አንድ ካርቶን 30 መጽሐፍ ቢይዝ ያለሽ ወደ 16 ካርቶን ነው። በአንድ ምሽት ሁለት፣ ስምንት ምሽት ይበቃሻል። ለአንድ መጽሐፍ ሁለት ደቂቃ ስጪው፤ ሽፋን፣ የኅትመት ዘመን፣ ማውጫ፣ ከመካከል አንድ ገጽ። እየለየሽ ማንበብ አትጀምሪ። ይህን ስል ቀላል ይመስላል፤ እኔ እንኳ በሥራ ላይ ስንት ጊዜ ቆሜ ምዕራፍ ጨርሻለሁ። ያጓጓሽን ለብቻው አስቀምጪና ቀጥዪ። መወሰን ላቃተሽ አንድ ካርቶን፣ አንድ ብቻ፣ ይኑርሽና ላዩ ላይ «ጳጉሜን» ብለሽ ጻፊበት።

አብረሽ ዝርዝር ያዢ። የሒሳብ ሰዎች ሰኔ 30 ሲደርስ የንብረት ቆጠራ ታውቃላችሁ፤ ይህም ያው ነው። መጋዘንንና ቤተ መጻሕፍትን የሚለየው ይኸው ነው፤ ቤተ መጻሕፍት የፈለግሽውን በደቂቃ የምታገኚበት ነው። ያለሽን ስለማታውቂ አንዱን መጽሐፍ ሁለቴ የገዛሽበት ጊዜ እንደማይጠፋ እገምታለሁ፤ ስትለዪ እነሱን ታገኚያቸዋለሽ። በስልክሽ ወይም በኮምፒዩተር ርዕስ፣ ደራሲ፣ የታተመበት ዘመን፣ ያለበት ካርቶን ቁጥር ጻፊ፤ ሌላ አያስፈልግም። ዘመኑ ላይ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ምልክት አድርጊ፤ የሰባትና የስምንት ዓመቱ ልዩነት ብዙ ዝርዝር አበላሽቷል።

ሁለት የሙያ ነገር ልንገርሽ። የኢትዮጵያውያን ደራስያን ስም የሚመዘገበው በራሳቸው ስም ነው፤ የአባት ስም ተከትሎ ይመጣል። የውጭ አገር ሶፍትዌሮች የመጨረሻውን ስም ወደፊት እያመጡ በአባት ስም ይደረድሩልሻል፤ በዓሉን «ግርማ» ሥር ስትፈልጊ እንዳትውይ ይህን አስተካክዪ። ሁለተኛው የፊደላችን ነገር ነው። አንዱ አሳታሚ «ሐዲስ» ሲል ሌላው «ሀዲስ» ይላል፤ «ዓለም» እና «አለም»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» እንዲሁ። በካርድ ካታሎግ ዘመን ሀ፣ ሐ እና ኀን በየራሳቸው ቦታ ስንደረድር አንባቢው አንዱ ጋ ፈልጎ «የለም» ብሎ ይሄድ ነበር፤ መጽሐፉ ግን ሦስት መሳቢያ አልፎ ተቀምጧል። በመጽሐፉ ላይ ያለውን አጻጻፍ በርዕሱ ላይ እንዳለ ያዢ፣ አጠገቡ ግን ለመፈለጊያ ብቻ አንድ ዓይነት ፊደል መርጠሽ ድገሚው፤ ሁሉንም በ«ሀ»፣ በ«ሰ»፣ በ«አ»፣ በ«ጸ»። ለራስ ቤት ዝርዝር ይህ ምንም ነውር የለውም። ለፊደሉ ያለኝ ክብር እንዳለ ሆኖ መጽሐፉ መገኘት አለበት።

ይህን ስትጨርሺ ያልተነበቡት 430 እንዳልነበሩ ታያለሽ። መዝገበ ቃላት፣ የምግብ አሠራር፣ የሕግ ስብስብ፣ የካርታ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አይነበብም፤ እነሱን ከቁጥሩ አውጪ። የግጥም መድብልም ሲያሻሽ ገልጠሽ አንዱን የምታነቢው ነው። ብዙ ጸሐፊዎች የተሳተፉበት የታሪክ ጥናት ከሆነ ያስፈለገሽን ምዕራፍ ማንበብ በቂ ነው።

ቀጥሎ ከ«ይቆይ» ውስጥ 12 ምረጪ። ለአንድ ዓመት ናቸው፤ በወር አንድ፣ ጳጉሜን ላይ ደግሞ ያንን የዘገየ ካርቶን ከፍተሽ ትቆጥሪያለሽ። ከዚህ በፊት በዓመት 4 ነበር የምታነቢው፤ 12 ሦስት እጥፍ ነውና ከዚህ በላይ አትሳቢ። የመጀመሪያው ቀጭን ይሁን፣ በሳምንት የሚያልቅ፤ አንድ መጨረስ ለሁለተኛው ጉልበት ይሰጣል። ሁለተኛው ወረቀቱ እየተሰበረ ያለው። ከባዱን፣ ሁልጊዜ «አንድ ቀን» ስትዪው የኖርሽውን፣ መብራት ቢጠፋም ዝናብ ቢዘንብም ቤት ለምትውይበት ለነሐሴ አቆዪው። ከ12ቱ በቀር ሌሎቹ በዓይንሽ ደረጃ አይቀመጡ፤ መኝታ ቤት የሚገባው የያዝሽው አንዱ ብቻ ይሁን። 50 ገጽ ድረስ ካልሳበሽ ዝጊውና በሌላ ተኪው። መጽሐፉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ አንባቢው ሌላ ሰው ነው።

ስለ አንባቢ ከተነሣ፣ የሚሄዱትን እንይ። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን በ1931 እ.ኤ.አ. ለሙያችን አምስት ሕጎች አውጥቷል። ሁለቱ እንዲህ ናቸው፦ ለእያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉ፣ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው። የኛ ሰው ደግሞ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላል። ስጦታ ግን ቆሻሻ ማራገፊያ እንዳይሆን። በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማንም የማይነካቸው፣ ከውጭ በእርዳታ የመጡ የ1970ዎቹ የሌላ አገር መማሪያ መጻሕፍት መደርደሪያ ይዘው፣ ልጆቹ የሚፈልጉት የአማርኛ ተረት መጽሐፍ ግን ሲጠፋ አይቻለሁ። መጀመሪያ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደሽ ሠራተኛዋን «ምን ይጠይቋችኋል?» በያት፤ ያንን ብቻ ውሰጂላት። ሥርዓተ ትምህርቱ የተቀየረበትን መማሪያ መጽሐፍ አትስጪ። የማረሚያ ቤት ቤተ መጻሕፍት ልብ ወለድና የሕግ መጻሕፍት በደስታ ይቀበላሉ፤ ይህን በዓይኔ ያየሁት ነው። ለወዳጅ ስትሰጪ በጅምላ አይሁን፤ «ይህ ላንቺ ነው» ብለሽ ምክንያቱን አንድ መስመር ጽፈሽበት ስጪ፣ እንደዚያ የተሰጠ መጽሐፍ ይነበባል።

መሸጥ ከፈለግሽ ለአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ሽጪ። ከገዛሽበት በእጅጉ ያነሰ ይሰጥሻል፤ አትቀየሚው፣ ገዢ እስኪመጣ ወራት ይዞት ይቆያልና። በዓይነት ከፋፍለሽ፣ ታሪኩን ከታሪክ፣ ልብ ወለዱን ከልብ ወለድ አድርገሽ ብትወስጂለት የተሻለ ዋጋ ታገኚያለሽ። ቆራሌው ግን የሚወስደው ወረቀት ነው። መጨረሻው የቆሎ መጠቅለያ ነው፤ ለዚያ የሚበቃው ከሻጋታው ካርቶን የማይድነው ብቻ ነው።

«አስፈልጎኝ ባጣውስ?» ለሚለው ስጋት መልሱ ከተማው ውስጥ አለ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት አለ። ወመዘክር እያልን የምንጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሰበስብ ኖሯል። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ። እዚያ ሊነበብ የሚችለው ሁሉ አልጋሽ ሥር መተኛት የለበትም። በተቃራኒው እነሱ ጋ የሌለ ብርቅ ነገር ካገኘሽ አንቺ ልትለግሻቸው ትችያለሽ።

ስለ አዲሱ ቤት ሳልረሳ፦ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ አብዛኛው ውስጡ ክፍት ብሎኬት ነው። አንድ ሜትር መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ በቡሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ትተሽ መሬት የሚቆም መደርደሪያ አሠሪ። ከውጭ ግድግዳው አራት ጣት አርቂው፣ ከወለሉም ከፍ ይበል። በረንዳ ላይ ዳግመኛ ምንም እንዳይቀመጥ። ስትጓጓዢም በትልቅ ካርቶን አታጭቂ፤ የሳሙና ካርቶን የሚያህለው ይበቃል፣ አለዚያ ተሸካሚው ይጥለዋል።

መግዛቱን ፈጽሞ ተዪ አልልሽም፤ አትተዪውም፣ ለጥቂት ወር ተይው ብልሽ በአንድ ቀን አሥር ትገዢያለሽ። ሦስት ሲወጣ አንድ ይግባ። የሚገባውም ያንኑ ጥያቄ ያለፈ ይሁን፦ ነገ አገኘዋለሁ? የምታገኚው ከሆነ ርዕሱን፣ ያየሽበትን ቦታና ዋጋውን ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ «ያየሁት» በሚል ሥር ጻፊና እለፊ። አብዛኛውን ጊዜ የመግዛት ጉጉቱ ከጽሑፉ ጋር ይበርዳል። አዟሪው ልጅ ደንበኛሽ ከሆነ የምትፈልጊያቸውን አምስት ብርቅ መጻሕፍት ስም ስጪው፤ እነሱን ፈልጎ ሲያመጣልሽ እሱም ይጠቀማል፣ አንቺም ያየሽውን ሁሉ አትገዢም።

ሰኔ እየገባ ነው፤ ዝናቡ ሳይጠነክር የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት የበረንዳውን ካርቶን ክፈቺ። ባለቤትሽም አብሮሽ ይቀመጥ፣ እያወጣሽ ርዕሱን እያነበብሽለት እሱ ይመዝግብ። «መነን» ወይም «የካቲት» የሚሉ የቆዩ መጽሔቶች ከወጡ ሻጋታ ቢኖርባቸውም አትጣዪ፤ ቁጥራቸውንና ዘመናቸውን ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ምን እንደሚደረግ እነግርሻለሁ።